የዳገት ላይ እሺታ

የመኪና መንዳት ማሠልጠኛው ውስጥ ካሉት አስተማሪዎች ሁሉ «ፍሬኑ» የሚሉትን ሰው ያህል ራሱን የሚወድ አልነበረም። ይወድ ነበር ስላችሁ እንዲሁ መውደድ አይደለም፤ ስፖኪዮ ለምን እንደተሠራ ቢጠየቅ «ፊት ለማየት» ብሎ የሚመልስ ሰው ነበር። ጢሙን ያይበታል፣ ኮሌታውን ያይበታል፣ ሲስቅ ብቻ ጉንጩ ላይ ብቅ የምትለውን ስርጉድ ያይበታል። ከኋላ የሚመጣውን መንገድ የሚያየው ከዚህ ሁሉ ጊዜ ከተረፈው ነው።

«ፍሬኑ» ያሉት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። የማስተማሪያ መኪና ሁለት ፍሬን አለው፤ አንዱ በተማሪው እግር ሥር፣ ሌላው በአስተማሪው። የሌሎቹ አስተማሪዎች እግር አንዳንዴ ያርፋል፤ የእሱ ግን ከዚያች ፔዳል ተነስቶ አያውቅም። ምሳ ሲበላ እንኳ ጠረጴዛው ሥር ቀኝ እግሩ ወለሉን ገፋ፣ ገፋ ያደርጋል እያሉ ያሙታል። እውነት ነው፤ ያደርጋል።

ይህ ሰው በሴቶች ዘንድ መወደዱን የሚያውቀው በግምት ሳይሆን በማስረጃ ነበር። አጠገቡ መሪ የጨበጠች ሴት ሁሉ ፊቷ ይቀላል፣ መዳፏ ያልበዋል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ ትልቁ አደባባይ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ክንዱን ቆንጥጣ ይዛ «ጋሼ፣ በፈጠረዎት እንዳይተዉኝ!» ትላለች። ታዲያ ይህን እያየ የሚኖር ወንድ ስለራሱ ምን ይበል? አደባባዩ ከየአቅጣጫው አውቶቡስ የሚተፋ፣ የለመዱት ሾፌሮች እንኳ ትንፋሻቸውን ሰብስበው የሚገቡበት መሆኑን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ወንዶቹ ተማሪዎችም ያልባቸዋል፣ ክንዱንም ይጨብጣሉ፤ እሱን አክብሮት ነው ብሎ ይዞታል።

አንድ የማይገባው ነገር ብቻ ነበር። ትናንት «ያለእርስዎ አንድ ሜትር አልሄድም» ያለችው ሴት መንጃ ፈቃዷን በተቀበለች ማግስት በአጠገቡ ስታልፍ ክላክስ እንኳ አታደርግለትም። ፍሬኑ ይህን ሲያብላላ ኖሮ ኖሮ መጨረሻ ላይ ብይን ሰጠ፦ «መንጃ ፈቃድ ሴትን ያበላሻል!»

እንዲህ እያለ ጎልማሳነቱ ሊያመልጠው ሲል አንዲት የሙሽራ ቀሚስ ሰፊ ለትምህርት መጣች።

ይህች ሴት ሥራዋ ላይ እስፒል በከንፈሯ ይዛ መዋል ስለለመደች፣ አፏ ባዶ ሲሆንም ከንፈሯን ብዙ ሳትከፍት ነው የምትናገረው፤ ስለዚህ ተራ ነገር ስትናገር እንኳ ሚስጥር የምታካፍል ትመስላለች። መኪና የገዛችው ለምቾት አይደለም። የሙሽራ ቀሚስ ይዞ አውቶቡስ መሳፈር ሙሽራዋን ራሷን ጠቅልሎ እንደመሳፈር ነው፤ አንዱ ይረግጥሻል፣ አንዱ ይቀመጥብሻል፣ ስትወርጂ ደግሞ ግማሽሽ በር ላይ ይቀራል። በመጀመሪያው ቀን፣ ሞተሩ ገና ሳይነሳ፣ ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች በዓይኗ ለካችውና፦

«ጋሼ፣ ይህን ኮት ማን ነው የሰፋልዎት?» አለችው።

«ምነው?»

«ጠላትዎ መሆን አለበት ብዬ ነው።»

ፍሬኑ ሳቀ፤ ስርጉዱም ብቅ አለች። ከዚያ በኋላ ግን ሳቁ እንደ ወትሮው ቶሎ አልቆም አለ። የቆመ መኪና ውስጥ ተቀምጣ በደንብ ያየችው ሴት አጋጥማው አታውቅም ነበር። ማታ እቤት ገብቶ ለታላቅ እህቱ ሲነግራት የራት ሳህኑን እንደ መሪ ይዞ ያዞረው ነበር።

«እትዬ፣ ዘንድሮስ ማግባቴ ነው።»

እህቱ ቀና ብላም አላየችው። «ተማሪህ ናት?»

«አዎ። ይህቺ ግን እንደሌሎቹ…»

«ፈተናዋ መቼ ነው?»

«ገና ናት።»

«እንግዲያው ሳትፈተን ቶሎ በል፣ ወንድምዬ» አለችው።

ፍሬኑ ምክሩን በደስታ ተቀበለ፤ ሽሙጥ መሆኑ አልገባውም።

ከማሠልጠኛው ጀርባ አንድ ዳገት አለ። ዳገት ከምለው ትንሽ ጋደም ለማለት የሞከረ ግድግዳ ብለው ይቀለኛል። አንዲት ሴት አናቱ ላይ ብርቱካን ወድቆባት፣ እታች ስትደርስበት ጭማቂ ሆኖ ጠበቃት ይባላል። መሃሉ ላይ ደግሞ የትኛው ክፉ ሰው እንዳቆመው የማይታወቅ የትራፊክ መብራት አለ። ልብስ ሰፊዋ እዚያች መብራት ላይ ቆመች። ከኋላዋ ሲሚንቶ የጫነ መኪና አፍንጫውን አስጠግቶ ቆመ፤ ሲተነፍስ እንደ በሬ ነው። ቀዩ አረንጓዴ ሆነ።

«ፍሪሲዮኑን ቀስ፣ ነዳጅ ትንሽ ጨምሪ» አላት ፍሬኑ። ከዚያ ኮሌታውን አስተካከለና «ታገቢኛለሽ?» አላት።

«ጋሼ፣ ወደኋላ እየሄደ ነው!»

«የጠየቅኩሽን መልሽልኝ።»

«ጋሼ! መኪናው! ሲሚንቶው!»

«አዎ ወይስ አይ?»

«እሺ! እሺ አልኩ እኮ! ይያዙልኝ!»

ያዘላት። በኋላም እያገዛት ዳገቱን ጨርሰው አናቱ ላይ ቆሙ። ልብስ ሰፊዋ አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ እንባዋን ትጠርጋለች። ከዚያ ዞራ አየችው። ዓይኗ እንደዚያ ሲበራ አይቶት አያውቅም፤ ጉንጯ ቀልቷል፣ እጇ ክንዱ ላይ ይንቀጠቀጣል። «እርስዎ ግን እንዴት ያለ ሰው ነዎት!» አለችው። ፍሬኑ መሬት አልበቃችውም።

በነጋታው ወሬውን ይዞ የሮጠው ማሠልጠኛው መካኒክ ዘንድ ነው። የዚህን መካኒክ ፊት ያየው ሰው ጥቂት ነው፤ ቀኑን ሙሉ መኪና ሥር ስለሚውል ሰዎች የሚያወሩት ከጫማው ጋር ነው። ፍሬኑም ጫማዎቹ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ የዳገቱን ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረከለት። 

«እሺ ያለችው ማንን ነው?» አለ ድምፁ ከታች። «አንተን ነው ሲሚንቶውን?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ልብ ሞኝ ነገር ነው፣ ወንድሜ። ሲደነግጥ ይመታል፤ ለምን እንደመታ ግን አያጣራም። ቀና ሲል አጠገቡ አንተን ያገኛል፤ ‹በዚህ ሰውዬ ነው ለካ!› ይላል። እዚያ ወንበር ላይ ኩንታል ጤፍ ብናስቀምጥ ኩንታሉን አቅፋ ታለቅስ ነበር።»

«ቅናት ነው የሚያናግርህ!»

«ይሁን። እስቲ ጎማ የሌለው ወንበር ላይ አስቀምጣትና እያት።»

ፍሬኑ ቱግ ብሎ ሄደ። ነገርየው ግን ጆሮው ውስጥ ቀረ። በሳምንቱ መጨረሻ ልብስ ሰፊዋን ሻይ ቤት ጋበዛት። ወንበሩ ጎማ የለውም፣ መስኮቱ ትልቅ ነው፣ ሻዩም ትኩስ ነው። ፍሬኑ ስርጉዱን አወጣ። እሷ የአስተናጋጁን ሽርጥ ታያለች፤ ስፌቱ ተጣሞባታል። ፍሬኑ ስርጉዱን ከሌላ አቅጣጫ አወጣ። እሷ በእጇ አፏን ሸፈን አድርጋ አዛጋች።

«ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችው ከልቧ አዝና። «እዚህ ሲቀመጡ ሌላ ሰው ነው የሚመስሉኝ።»

ፍሬኑ ላብ ላብ አለው። ሊያስደነግጣት ብሎ ሾፌሩ አሸልቦበት ሰገነት ላይ ስለወጣ የጭነት መኪና ማውራት ጀመረ፤ የቤቱ እመቤት ኳኳታውን ሰምታ ባሏ የገባ መስሏት ከውስጥ ሆና «ዛሬስ በጊዜ መጣህ!» እንዳለች ሁሉ ሳያስቀር ነገራት። እሷም ሳቀች፤ «ሰገነቱ ተጠገነ?» ብላ ጠየቀችና ወደ ሽርጡ ተመለሰች። ይኼን ጊዜ አስተናጋጁ ከኋላዋ ትሪ ጣለ። ብርጭቆው ሲንኳኳ ልብስ ሰፊዋ ዘላ የፍሬኑን ክንድ ያዘች፤ ዞራ አየችው፤ ያ የዳገቱ ብርሃን ዓይኗ ውስጥ ቦግ አለ። ትሪ መሆኑን ስታይ ጠፋ። እጇንም አነሳች።

ፍሬኑ ቅስሙ ስብር አለ። የመካኒኩ ነገር እውነት ነው ማለት ነው! ይህን ሁሉ ዘመን ተወደድኩ ሲል የተወደዱት አውቶቡሶች ነበሩ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተወው ነበር። እሱ ግን ሴትዮዋን ወዷታል፤ ስለኮቱ ያለችው እንኳ ጠዋት ሲለብሰው ያስቀዋል። ስለዚህ ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ ለራሱ ብልሃት አበጀ፤ ፍቅሯ በድንጋጤ የሚመጣ ከሆነ ድንጋጤው እንዳይቋረጥባት ማድረግ ነው! ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማው ውስጥ ክፉ የተባለ መንገድ ሁሉ የእሷ ሆነ። ትምህርት ቤት በሚለቀቅበት ሰዓት ትምህርት ቤት በር፣ ገበያ በሚደራበት ሰዓት ገበያ መሃል፣ ከነዳጅ ቦቴ ኋላ፣ ከአስፋልት መዳመጫ ፊት። ዳገቱንማ እንደ ደጃፏ አመላለሳት።

መጀመሪያ ሰሞን ሠራ። ክንዱ ከአጨባበጧ የተነሳ በልዞ ነበር፤ እሱም ቁስሉን እንደ ሜዳሊያ እየገለጠ ያየው ነበር። ኋላ ግን አጨባበጧ ላላ። ኋላ ደግሞ በአንድ እጇ መንዳት ጀመረች። አንድ ቀን ያቺ የተረገመች መብራት ላይ፣ ከኋላዋ አሸዋ የጫነ መኪና እያጓራ፣ የሆነ ዜማ በአፍንጫዋ እያንጎራጎረች ጸጥ አድርጋ አስነስታ ወጣች። ፍሬኑ ዞሮ ሲያያት እሷ የምታየው መንገዱን ነው። ለማስፈራራት ብሎ የመረጠው ሁሉ ለካ ከተማው ውስጥ ማንም ያላገኘው ትምህርት ሆኖላታል! ፈተናዋን ባንዴ አለፈች፤ ፈታኙ ከመኪናው ሲወርድ «ማን ነው ያስተማረሽ?» ብሎ ጠየቀ። ፍሬኑ ምስጋናውን ሲሰማ የሐዘን ያህል ተሰማው።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ የራሷን መኪና ይዛ እቤቱ ደጃፍ መጣች። እህቱ በመስኮት አይታ «ተፈትና መጣች እኮ!» ብላ አፏን ያዘች። እንደዚህ ያለ ነገር በታሪካቸው ታይቶ አያውቅም።

«ግባ፣ ላድርስህ» አለችው። ‹እርስዎ› ከትምህርቱ ጋር አብሮ ቀርቷል።

ገባ። ትንሽ እንደሄዱ፦ «ዳገቱ ላይ እሺ ያልኩህን መልሼ ወስጄዋለሁ» አለች። «እዚያ ላይ ሆኜ ማንም ቢጠይቀኝ እሺ እል ነበር። የሲሚንቶው ሾፌር ቢጠይቀኝም።»

ፍሬኑ ኮሌታውን አስተካከለ። «አትወጂኝም ማለት ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ያን ቀን አናቱ ላይ የእውነት ቆንጆ መስለኸኝ ነበር። ሻይ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ፊትህ ጠፋብኝ። የቱ እንደሆንክ ሳላውቅ ምን ልበልህ? ቤትህ መንገዴ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ላድርስህ፤ እንተያይ።»

ይህን ስትለው አደባባዩ ደርሰው ነበር። ፍሬኑ እንደ ልማዱ ቀኝ እግሩን ጫን አደረገ። ምንም የለም! ምንጣፍ ነው። ደግሞ ጫነ፤ ምንጣፍ ነው። አውቶቡሱ ከግራ መጣ፣ ሌላው ከቀኝ፤ እሷ በመሃላቸው በመርፌ ቀዳዳ እንደሚያልፍ ክር ሹልክ ብላ አለፈች። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በዚያ በኩል ሲቀመጥ ኖሮ ያለ ፍሬን ተቀምጦ አያውቅም ነበር። ልቡ ጉሮሮው ድረስ ዘለለ። መዳፉ አላበው፣ ፊቱ ቀላ፣ ትንፋሹ ተቆራረጠ። ዞሮ ቢያያት፣ እንዴት ያለች ውብ ናት!

ማሠልጠኛው በር ላይ አወረደችው። ግድግዳ እየተደገፈ ጫማዎቹ ዘንድ ደረሰ።

«ምን ሆንክ?» አለ ከታች ያለው ድምፅ።

«አፈቀርኩ።»

«በስንት ነው የምትነዳው?»

 ከዚያ ወዲያ ፍሬኑ ሳምንታቱን ሁሉ በየጠዋቱ እንደዚያው እየተንቀጠቀጠ ገባ፣ እየተንቀጠቀጠ ወረደ። እሷ ግን አልተሸወደችም። «እሱ ፍርሃት ነው፣ ጋሼ!» ትለዋለች በማሾፍ። «እኔም ነበረብኝ። ሲለምዱት ይለቃል።»

ይለቃል ስትለው ነው ፍሬኑ በእውነት የፈራው። ከለቀቀ ምን ይቀራል? እንዳይለቅ ብሎ ያልታገለው ትግል የለም፤ ሆን ብሎ የቦቴዎቹ ጎማ ላይ ያፈጣል፣ የሰማውን አደጋ ሁሉ በልቡ ይደግማል። ልብ ግን ሞኝ ብቻ ሳይሆን ሰነፍም ነው፤ የለመደውን ነገር ሁለተኛ አይደክምለትም። አንድ ጠዋት ዝናብ ይጥላል። የመስተዋቱ መጥረጊያ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ከኋላ ወንበር ላይ አንድ የሙሽራ ቀሚስ እንደ ትልቅ ሰው ተዝናንቶ ተቀምጧል፤ ልብስ ሰፊዋ እጅጌው ልክ ስላልመጣላት አንዲት ደንበኛ ታወራለች። ፍሬኑ «እ» ይላል፣ «እህ» ይላል። አደባባዩ ውስጥ ገቡ።

ሲነቃ መኪናው ቆሟል። ሞተሩ ጠፍቷል። የማሠልጠኛው በር ከፊት ለፊቱ ነው፤ ተማሪው ጃንጥላ ይዞ ቆሞ እየጠበቀው ነው። የፍሬኑ አገጭ እርጥብ ነው። ልብስ ሰፊዋ መሪው ላይ ክንዷን አስደግፋ እያየችው ነበር።

«ስለአንቺ እያሰብኩ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ነው» አለ ቶሎ ብሎ።

«እያንኮራፋህ?»

 ፍሬኑ ስርጉዱን ማውጣት ረሳ። «እውነቱን ልንገርሽ» አላት። «ደረቴ ውስጥ ምንም የለም። ዛሬ አልመታም፣ ትናንትም እምብዛም አልመታም። አለቀ መሰለኝ።»

«ምኑ ነው ያለቀው?»

«ፍቅሩ ነዋ! አንቺ ስትዘገዪ ግን በሩ ላይ ቆሜ ሰው ሰላም ሲለኝ አልሰማም። ባለፈው የቀረሽ ቀን ደግሞ ተማሪዬን በተከለከለ መንገድ አስገባሁት። ምን እንደሆነ አላውቅም። ደህና ነገር አይመስለኝም።»

ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ከመሪው አነሳች።

«ወንድሜ እዚህ መኪና ውስጥ ሲቀመጥ በሩን አቅፎ ነው» አለች። «እናቴ ደግሞ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ‹ከዚህ በእግሬ ይቀለኛል› ብላ ትወርዳለች። አንተ አደባባዩ መሃል፣ አውቶቡስ ጆሮህ ሥር ክላክስ እያደረገ፣ ጭንቅላትህን ጥለህ ለጥ አልክ። ደንበኛዬ ጠዋት ቀሚሷን ልትለካ ቀጥራኝ ነበር። ልቀስቅስህ ብዬ እጄን ዘርግቼ መለስኩት። እስካሁን ተናድዳ ሄዳለች።»

«ይቅርታ፣ በእውነት…»

«ይቅርታህን ተወው። እንደገና ጠይቀኝ።»

«ምኑን?»

«አንተ ሰው፣ እንቅልፉ አልለቀቀህም እንዴ? ሌላ ምን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ!»

ፍሬኑ አገጩን በእጅጌው ጠረገ። ኮሌታውን አላስተካከለም። «ታገቢኛለሽ?» አላት፤ ድምፁ ገና የእንቅልፍ ነው።

«እሺ» አለች። «አሁን ውረድልኝ፤ የቆመውን ልጅ ዝናብ ጨረሰው።»

ፍሬኑ ወረደ። ተማሪውን «መጣሁ» ብሎ አልፎት ሮጠ፤ ጫማዎቹ ዘንድ።

«ዛሬስ?» አለ ድምፁ።

«እንቅልፍ ወሰደኝ።»

«የት?»

«መኪናዋ ውስጥ ነዋ! አንኮራፋሁም።»

«በቃ፣ አለቀልህ።»

«ልታገባኝ ነው።»

መካኒኩ በስንት ዘመኑ ከመኪናው ሥር ተንፏቆ ወጣና ተነስቶ ቆመ። ፍሬኑን ከግንባሩ እስከ እግሩ በዘይት በተነከረ ፊቱ አየው። «ስላንኮራፋህ?»

«ስላንኮራፋሁ!» አለ ፍሬኑ ደረቱን ነፍቶ።

ከዚያማ ማን ይቻለው! ለጸሐፊዋ ነገራት፣ ለዘበኛው ነገረው፣ ጃንጥላ ይዞ ለቆመው ተማሪ መሪ እያስጨበጠ ነገረው። ወሬው ከአንዱ አንዱ ዘንድ ሲሄድ ማንኮራፋቱም አብሮ አደገ። ጠዋት መስተዋት ያርገበገበ ነበር፤ እስከ ምሳ ሰዓት አውቶቡሶቹን ዳር አስይዞ፣ የአደባባዩን ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ አስውጦት ነበር።